ስማቸውን ጻፉልን፦ ለቴሌቪዥን ጣቢያዎች የመዝናኛ ክፍሎች ግልጽ ደብዳቤ

ለሀገራችን የቴሌቪዥን ጣቢያዎች የመዝናኛ ክፍል ኃላፊዎች በሙሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ከረማችሁ?

እኔ ማታ ማታ ሲትኮም፣ ማለትም በተከታታይ ክፍል የሚቀርበውን የቴሌቪዥን ኮሜዲ የማይ፣ ቀን ቀን ዘፈን ከጆሮዬ የማይጠፋ ተራ ተመልካች ነኝ። የሙዚቃም የቴአትርም ባለሙያ አይደለሁም። ግን እናንተ ያሳያችሁኝን ቀልድ እየሳቅኩ፣ እናንተ ያሰማችሁኝን ዘፈን እያንጎራጎርኩ ነው ያደግኩት። ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ኮሜዲውን የጻፈውን ሰው ስም፣ የዘፈኑን ግጥም፣ ዜማና ቅንብር የሠሩትን ሰዎች ስም በሚነበብ ፊደል፣ ሰው ስክሪኑን በሚያይበት ሰዓት ጻፉልን።

በቃ ይኸው ነው። ለምን ይህን ያህል እንደሚያንገበግበኝ ግን በዝርዝር ላስረዳችሁ።

ከኮሜዲው ልጀምር። ሲትኮም ቀላል የሚመስል ከባድ ሥራ ነው። ያው ቤት፣ ያው ሶፋ፣ ያው ሰዎች። ሃያና ሠላሳ ደቂቃ ውስጥ ችግር ይፈጠራል፣ ይወሳሰባል፣ ይፈታል። በሚቀጥለው ሳምንት ሁሉም ነገር ወደ ቦታው ተመልሶ እንደገና ይጀመራል። ለምሳሌ እንበልና አንድ ገጸ ባህሪ ገና በመጀመሪያው ትዕይንት ላይ «እኔ ከሰው ዕቃ መዋስ ነፍሴ አይወድም» ብሎ ይፎክራል። ማንም አይስቅም። ወሬ መስሎን እናልፈዋለን። ከዚያ ሌላ ታሪክ ይገባል፣ ባልና ሚስት ይጣላሉ፣ እንግዳ ይመጣል። ልክ ሊያልቅ ሲል ያ ሰውዬ የጎረቤቱን ኮት፣ የአከራዩን ጫማና የወንድሙን ሰዓት አድርጎ ለሽምግልና ሲወጣ እናየዋለን። ያኔ ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ተዋናዩ በሩን ከፍቶ ቆመ እንጂ ምንም አላለም። ሳቁን ከሃያ ደቂቃ በፊት የቀበረው ሰው ሌላ ነው። ያ ሰው ደራሲው ነው።

እና ክፍሉ ሲያልቅ ምን ይሆናል? ስክሪኑ ለሁለት ይከፈላል። በአንዱ በኩል የሚቀጥለው ፕሮግራም ማስታወቂያ ይገባል። በሌላኛው ጠርዝ ላይ ስሞች እንደ ጎርፍ ይወርዳሉ። ፊደሉ ከማነሱ የተነሳ ቴሌቪዥኑ ሥር ብትቀመጡም አይነበብም። ከዚያ ላይ ደግሞ ፍጥነቱ! «ደራሲ» የሚለውን ቃል ዓይኔ ያዝ ሲያደርግ ስሙ ሄዷል። አንዳንዴ ጭራሹኑ ሳይወርድ ይቆረጣል።

«ምን ልታዘዝ»ን አስታውሱ። በፋና ቴሌቪዥን ይታይ የነበረው። ታሪኩ አንድ ካፌ ውስጥ ነው። አስተናጋጅ አለ፣ ኃላፊ አለ፣ የካፌው ባለቤት አለች። ግን ያንን ካፌ ያየ ሰው ሁሉ ካፌ ብቻ እንዳልሆነ ገብቶታል። የካፌው ስብሰባ የሀገር ስብሰባ ነበር። በማግስቱ ታክሲ ውስጥ፣ ቢሮ ውስጥ፣ ቡና ላይ ወሬው እሱ ነበር። ሰው የገጸ ባህሪዎቹን አባባል እየጠቀሰ ነበር ፖለቲካ የሚያወራው። ያንን ሁሉ ነገር በቡና ስኒ ውስጥ አሳጥሮ ያስገባው ብዕር የበኃይሉ ዋሴ ነው። ስሙን የሚያውቁ አሉ፣ ደስ ይላል። ግን ተዋናዮቹን መንገድ ላይ እያስቆመ ፎቶ ከሚነሳው ሰው ስንቱ የደራሲውን ስም ያውቀዋል?

«ቤቶች»ንም እንይ። ጥላሁን ጉግሳን የማያውቅ የለም። ይገባዋል፣ ስንት ዓመት አስቆናል። ግን እንዲህ ዓይነት ለዓመታት የሚዘልቅ ኮሜዲ ሳምንት በሳምንት አዲስ ጠብ፣ አዲስ ውሸት፣ አዲስ እርቅ ይፈልጋል። ያንን ከየት ያመጡታል? ማን ተቀምጦ ይጽፈዋል? «ያ ክፍል እንዴት አሳቀኝ!» ብዬ ለጓደኛዬ ስነግር የማነሳው የተዋናይ ስም ብቻ ነው። ሌላ ስም አልነገራችሁኝማ።

ድሮ ይህ ችግር እንደዛሬው አልነበረም። ተስፋዬ ካሳ መድረክ ላይ ሲወጣ ቀልዱም እሱ ነው፣ ድምፁም እሱ ነው። አለባቸው ተካና ልመንህ ታደሰ፣ ደረጄ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲመጡ ብዙ ጊዜ አቅራቢውንና ፈጣሪውን መለየት አያስፈልግም ነበር። የበዓል ዋዜማ ዶሮ ወጡ እየተሠራ፣ ሽንኩርቱ እየተቁላላ፣ እናቶች ማማሰያ ይዘው ከማዕድ ቤት እየሮጡ መጥተው ያዩአቸው ነበር። የሲትኮም ሥራ ግን የቡድን ሥራ ነው። የሚጽፈው ሌላ፣ የሚያዘጋጀው ሌላ፣ የሚተውነው ሌላ። በድሮው ልማድ የምናየውን ፊት ብቻ ካመሰገንን ግማሹን ቡድን ረሳን ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚገርመኝን ነገር ላንሳ። የአማርኛ ዘመናዊ ተውኔት ሲጀመር የጀመረው በኮሜዲ ነው። በጅሮንድ ተክለሐዋርያት ተክለማርያም «ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮመዲያ» ብለው ከመቶ ዓመት በፊት እንስሳትን እያናገሩ ሹማምንቱን ሸነቆጡ። ነገሩ ቤተ መንግሥት ድረስ ተሰማና ታገደ። ልብ በሉ፤ ከዚያ ቀን ትርኢት ዛሬ ሁላችንም የምናውቀው የደራሲውን ስም ነው። ተዋናዮቹን የሚያስታውስ የለም። ዛሬ ደግሞ ተዋናዩን እናውቃለን፣ ደራሲው የለም። ሁለቱም ልክ አይደለም። ሁለቱንም አብረን ማወቅ እንችላለን።

አሁን ወደ ዘፈኑ ልምጣ። እዚህ ጋ ትንሽ ረዘም ላደርገው ነው፣ ታገሱኝ።

የካሴት ሽፋን ታስታውሳላችሁ? ከፕላስቲኩ ውስጥ የምትወጣ እጥፍጥፍ ወረቀት ነበረች። ውስጧ በደቃቅ ፊደል የዘፈኖቹ ርዕስ፣ ከጎኑ ግጥም እገሌ፣ ዜማ እገሌ፣ ሙዚቃ እገሌ ባንድ ይላል። ካሴቱ እየዞረ እኛ ወረቀቷን እናነብ ነበር። ይልማ ገብረአብ የሚለውን ስም ያወቅኩት ከዚያ ነው። ፊቱን አይቼው አላውቅም ነበር፤ ግን ስሙ ካለበት ግጥሙ እንደማያሳፍር አውቅ ነበር። ዓለምፀሐይ ወዳጆን ብዙ ሰው በተዋናይነቷና በመድረክ ግጥሟ ያውቃታል። ለስንት ድምፃዊ ግጥም እንደሰጠች ያሳወቀችኝ ያቺ ወረቀት ናት። ዛሬ ዋሽንግተን አካባቢ ሆና ጣይቱ የባህልና የትምህርት ማዕከልን ትመራለች፤ እዚያ ያሉ ወገኖቻችን ያውቋታል። አበበ መለሰም እንዲሁ ነው። ኑሮውን እስራኤል ካደረገ በኋላም ዜማዎቹ እዚህ ሠርግ ቤት ውስጥ አሉ፣ አውቶቡስ ውስጥ አሉ። ብዙ ሰው ግን «የኤፍሬም ታምሩ ዘፈን»፣ «የጥላሁን ገሠሠ ዘፈን» ብሎ ነው የሚያልፋቸው።

ስለ ባንዶቹም እንዲሁ ነው። በካሴት ዘመን ሮሃ ባንድ ያላጀበው ስመ ጥር ድምፃዊ ጥቂት ነው። የዳዊት ይፍሩ ኪቦርድ፣ የሰላም ስዩም ጊታር፣ የጆቫኒ ሪኮ ቤዝ ጊታር የአንድ ትውልድ ጆሮ ላይ ታትሟል። ከዚያ በፊት ደግሞ ሳህሌ ደጋጎ በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ፣ ነርሲስ ናልባንዲያን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር የሠሩት ሥራ ባይኖር «ወርቃማው ዘመን» የምንለው ነገር ወርቁን ከየት ያመጣው ነበር?

ካሴት ሄደ። ሲዲ መጣ፣ እሱም ሄደ። ዘፈኑ ወደ ስልክ ገባ፣ ወረቀቷ ግን መንገድ ላይ ቀረች። አሁን ያለችን ወረቀት የእናንተ ስክሪን ናት።

አቀናባሪውን ኤልያስ መልካን ላንሳ። እሱን ሳላነሳ ይህን ደብዳቤ መጨረስ አልችልም። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ገብቶ ቼሎ የተማረ ሰው ነው። የዘሪቱ ከበደን የመጀመሪያ አልበም፣ የሚካያ በኃይሉን «ሸማመተው»፣ የእዮብ መኮንንን «እንደ ቃል»፣ የኃይሌ ሩትስን «ቺጌ» ያቀናበረው እሱ ነው። አራቱን አንድ ቀን በተከታታይ አዳምጧቸው። አራት የተለያዩ ድምፃውያን ናቸው፤ አንዱ ከአንዱ ጋር አይምታታም። ግን ከሥር የሚሄድ አንድ እጅ አለ።

የእዮብን ዘፈኖች በጆሮ ማዳመጫ ስሙ። ጊታሩ በሬጌ ምት ቸክ፣ ቸክ ይላል፣ ከምቱ ዘግየት ብሎ። ቤዝ ጊታሩ አይቸኩልም። ቦታ ይተዋል። እዮብ ያቺ ለስለስ ያለች፣ ትንሽ ሻከር ያለች ድምፁን በዚያ ክፍት ቦታ ላይ ያስቀምጣታል። መሣሪያው ሁሉ አንድ ላይ ቢጮህ ኖሮ ያቺ ድምፅ ትዋጥ ነበር። ዝም እንዲሉ ያደረጋቸው ሰው አለ። «እዚህ ጋ ምንም አትጫወቱ» ያለ ሰው አለ። አቀናባሪ ማለት ለእኔ እሱ ነው። ዘፈኑ ለምን አንጀቴን እንደሚበላኝ ለዓመታት ሳይገባኝ ኖሮ፣ የአቀናባሪውን ስም ካወቅኩ በኋላ ነው ሌሎቹን ሥራዎቹን እየፈለግኩ ያዳመጥኩት። አንድ ስም እንዲህ ነው በር የሚከፍተው።

ኤልያስ በመስከረም 2012 ዓ.ም. አረፈ። ያን ሰሞን ጣቢያዎች ሁሉ ስሙን ጠሩት። ያቀናበራቸውን ዘፈኖች ደጋገማችሁ፣ ስሙን በትልቁ ጻፋችሁ። እኔም አለቀስኩ፣ አመሰገንኳችሁም። ከዚያ ግን እነዚያው ክሊፖች ተመልሰው የድምፃዊው ስም ብቻ ተጽፎባቸው መታየት ጀመሩ። ሰው በሕይወት እያለ ለምን አንጽፍለትም? ኤልያስ ራሱ እኮ ከኃይሌ ሩትስ፣ ከጆኒ ራጋና ከዳዊት ንጉሡ ጋር ሆኖ «አውታር» የተባለውን የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ ያቋቋመው ለባለሙያው ድርሻው እንዲደርሰው ብሎ ነበር። የዚያ ሰው ትግል ይህንን ያህል እንኳን አያስተምረንም?

አሁን ደግሞ የድምፅ ውድድሮቹ አሉ። እወዳቸዋለሁ። ልጆቹ ከየክፍለ ሀገሩ መጥተው፣ እግራቸው እየተንቀጠቀጠ፣ የቀጥታ ባንድ ፊት ቆመው ሲዘፍኑ ማየት ልብ ይነካል። አቅራቢው ግን «አሁን የመሐሙድ አህመድን ዘፈን ትጫወትልናለች» ይልና ያልፋል። ዜማው የማን ነው? ግጥሙስ? ለዚያች ልጅም ትምህርት ነበር። ነገ እሷም ዜማ የሚሰጣት ሰው ትፈልጋለች። ማን ጋ እንደምትሄድ በምን ታውቃለች? ቤቱ ቁጭ ብሎ ግጥም የሚሞነጫጭረው ልጅስ ይህ ሥራ መሆኑን፣ ስም ያለው ሙያ መሆኑን ከየት ያያል?

ስም መጻፍ ጥራትንም ያመጣል ብዬ አምናለሁ። የኮሜዲዎቻችን ትልቁ ድክመት ለእኔ ርካሽ ሳቅ ነው። ከገጠር የመጣ ሰው አነጋገሩ ይቀለድበታል። ወፍራም ሴት ገባች ተብሎ ይሳቃል። የቤት ሠራተኛ ሁልጊዜ ሞኝ ናት። ሰው ሲሰክር፣ ሲወድቅ፣ በጥፊ ሲመታ የተቀዳ ሳቅ ይለቀቃል። አንዳንዴ ያ የተቀዳ ሳቅ ቀልዱ ሳይጀመር ይቀድማል! እኔ የተቀዳ ሳቅ አልወድም። የሚያስቅ ከሆነ እኛው እንስቃለን። ግን ነገሩን ሳስበው ስሙ የማይወጣ ሰው ስለ ስሙ ምን አስጨነቀው? «ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ» ብሎ በትልቅ ፊደል ስሙ የሚወጣ ደራሲ በአንዲት ሠራተኛ አነጋገር ላይ ከመሳለቁ በፊት ሁለቴ ያስባል። ጎበዙ ደግሞ ሲታወቅ ሌላ ሥራ ያገኛል፣ ክፍያው ያድጋል፣ ጊዜ ወስዶ ይጽፋል። እኛም «የእሱ ከሆነ እናያለን» እንላለን።

ሕጉም ከእነሱ ጎን ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለአንድ ሥራ አመንጪ የሞራል መብት ይሰጠዋል። የገንዘብ ጥቅሙን ለሌላ ሰው ቢሸጥ እንኳን ሥራው የእሱ መሆኑ እንዲታወቅለት የመጠየቅ መብቱ አብሮት ይኖራል። ዜና ሲዘገብ በአጋጣሚ የገባ ሥራ ካልሆነ በቀር ማለት ነው። ይህን የማነሳው ላስፈራራችሁ አይደለም። የምጠይቃችሁ ነገር ችሮታ ሳይሆን ቀድሞውኑ የእነሱ የሆነ ነገር መሆኑን ለማለት ነው።

«የአየር ሰዓት ውድ ነው» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ማስታወቂያ ነው የሚያኖራችሁ፣ ይገባኛል። ግን እኔ ሰዓት ቁረጡ አላልኩም። ክሊፑ ሲጀመር ከስክሪኑ ሥር የድምፃዊው ስምና የዘፈኑ ርዕስ ይወጣል አይደል? እዚያው ላይ አንድ መስመር ጨምሩ። ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር። ሲትኮም ላይ ደግሞ የደራሲውን ስም መጨረሻ ላይ ከጎርፉ ጋር ከምትለቁት፣ መጀመሪያ ላይ ታሪኩ ሲከፈት ብቻውን አውጡት። ሰው ያኔ ነው ተመቻችቶ የሚያየው። ዩቲዩብ ላይ ስትጭኑትም ከሥሩ ጻፉት። ከዱባይ፣ ከቴል አቪቭ፣ ከሚኒሶታ የሚያየው ወገናችን የሚያገኘው እዚያ ነው።

«የድሮ ዘፈን ላይ የዜማው ባለቤት አይታወቅም» የሚል ደግሞ አለ። እውነት ነው፣ አንዳንዱ ያከራክራል። የሕዝብ ዜማ ከሆነ «የሕዝብ» በሉት፤ ያ ራሱ ክብር ነው። ያልታወቀ ከሆነ ተመልካቹን ጠይቁት። ስንት ሰው ቤቱ ውስጥ ያንን የካሴት ወረቀት አስቀምጧል መሰላችሁ! ፎቶ አንስቶ ይልክላችኋል። ከዚያም ወጣ ብሎ ጥሩ ፕሮግራም ሊወጣው ይችላል። በየሳምንቱ አንድ ዘፈን ወስዶ፣ በሕይወት ያሉትን ግጥም ጸሐፊውን፣ የዜማ ደራሲውን፣ አቀናባሪውን አስቀምጦ «ይህ ቦታ እንዴት መጣልህ?» የሚል ፕሮግራም። እኔ በበኩሌ አንድም ሳምንት አያመልጠኝም። ኮሜዲም ላይ እንዲሁ። የሲትኮም ደራሲዎችን ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጣችሁ አንዱን ክፍል እንዴት እንደጻፉት ይንገሩን። የትኛውን ቀልድ ጣሉት? የትኛው ላይ ተጣሉ? ተዋንያንን እንግዳ አድርጋችሁ ስለ ትዳራቸው ስትጠይቁ የምታጠፉት ሰዓት ግማሹ ይበቃል።

ለመጀመር ብዙ ዝግጅት አያስፈልገውም። በመጪው በዓል የምታቀርቡትን ልዩ ፕሮግራም ውሰዱ። እዚያ ላይ ኮሜዲውም አለ፣ ዘፈኑም አለ፣ ቤተሰብም ሁሉ አንድ ላይ ተቀምጦ ያያል። በዚያ ቀን የምታሳዩት እያንዳንዱ አጭር ኮሜዲ የደራሲውን ስም፣ እያንዳንዱ ዘፈን የሦስቱን ሰዎች ስም ይዞ ይውጣ። ከዚያ በኋላ ተመልካቹ ምን እንዳለ ራሳችሁ አይታችሁ ቀጥሉበት።

መልሳችሁን በስክሪናችሁ ላይ እጠብቃለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

ኮሜዲና ሙዚቃ ወዳድ ተመልካች
አዲስ አበባ